የስልክን ሶፍትዌር ለመለወጥ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይመረጣል?

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የስልክ ጥገና የሚማሩ ወጣቶች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የስልክን ሶፍትዌር ለመለወጥ በኮምፒዩተር ላይ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫን ይሻላል የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የደረስንበትን ለአንባቢያን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ስለዚህ በጠጋኙ እጅ የሞተ ስልክ ባለቤቱን ከዘመዶቹም ከገንዘቡም ይለየዋል።

አስቀድሞ ሁለት ሥራዎችን መለየት ይገባል። አንደኛው ፋብሪካው ያዘጋጀውን ሶፍትዌር እንደገና መጫን ሲሆን ጠጋኞች ፍላሽ ማድረግ ይሉታል። ሁለተኛው የአንድሮይድን ምንጭ ኮድ አሻሽሎ አዲስ ሶፍትዌር ማዘጋጀት ነው። በማጭድ አይታረስም፥ በማረሻም አይታጨድም፤ ምርጫውም እንደ ሥራው ነው።

ፍላሽ ለማድረግ ዊንዶውስ ሰፊ ጥቅም አለው። ለሳምሰንግ ስልኮች የሚያገለግለው ኦዲን በተለምዶ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ብዙዎቹ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ስልኮች ለሚሠሩባቸው የሚዲያቴክ ቺፖች የተዘጋጀው ኤስፒ ፍላሽ ቱል ግን በዊንዶውስም በሊኑክስም ይገኛል። የዊንዶውስ ችግሩ ድራይቨር መፈለጉ ነው። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክር ኮምፒዩተሩ ስልኩን አላውቅም እያለ ግማሽ ቀን የፈጀብን በዚሁ ምክንያት ነበር። ከዚህም ሌላ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም።

ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፥ አንድሮይድ ራሱ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ድራይቨር አይፈልግም፤ ነገር ግን ተጠቃሚው የዩኤስቢ ፈቃድ መስጠት አለበት። በኡቡንቱ ላይ ሞደም ማኔጀር የተባለው አገልግሎት የሚዲያቴክን ስልክ እንደ ሞደም ቈጥሮ መስመሩን ሊይዝበት ስለሚችል፥ ከሥራ በፊት ማቆም ይበጃል። ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ በምናባዊ ኮምፒዩተር ማስኬድ ግን ለፍላሽ አይመከርም፤ ስልኩ በሥራው መካከል ተቋርጦ እንደገና ሲገናኝ መስመሩ ሊጠፋ ይችላልና።

ማክ ያለው ሰው ኤዲቢንና ፋስትቡትን ሊጠቀም ይችላል፤ እነዚህን መሣሪያዎች ጉግል ለሦስቱም ሲስተሞች ያዘጋጃል። ይሁን እንጂ ጉግል አንድሮይድን በማክ ላይ ከምንጩ ለመሥራት የሚሰጠውን ድጋፍ በ2013 ዓ.ም. ስላቆመ፥ ለሁለተኛው ሥራ የቀረው ሊኑክስ ነው። ለዚህም 64 ጊጋባይት ራምና 400 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ከትንንሽ አፕሊኬሽኖች ቢጀምር ይሻለዋል።

የአገሩንም ሁኔታ ማሰብ ያሻል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ጭምር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድራይቨሩን ሲያስፈልገኝ አወርደዋለሁ የሚል ሰው ሥራ ይፈታል። መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ እንደሚነሣ፥ ጠጋኝም መሣሪያዎቹንና የስልኮቹን ሶፍትዌር አስቀድሞ በዲስክ ማኖር አለበት። ሊኑክስ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ዲስክ ተይዞ፥ ሳይጫን እንኳ ከዚያው መነሣቱ ለዚህ ይረዳል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ ለሱቅ ሥራ ዊንዶውስ ይኑር፥ ከጎኑም ሊኑክስ ለብቻው ይጫን። መማር የሚፈልግ ግን ከሊኑክስ ይጀምር።

የትኛውም ቢመረጥ የስልኩን ሞዴል ቁጥር ማረጋገጥ፥ መብራት ቢጠፋ ባትሪው የሚያቆይ ላፕቶፕ መጠቀምና የባለቤቱን ፎቶና ስልክ ቁጥሮች አስቀድሞ መገልበጥ ግዴታ ነው። ቡትሎደር ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አንዳንድ የባንክ አፕሊኬሽኖችም ከዚያ በኋላ አልሠራም ሊሉ ይችላሉ። ይህን ለባለቤቱ ሳይነግሩ ሥራ መጀመር አይገባም።