በገዳሪፍ መንገድ የሚያፏጨው ራዲዮና የተናቀው የማሳ ሽቦ

ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ጋላባትና ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ የሰሊጥና የማሽላ ንግድ መንገድ መሆኑ በነጋዴ ዘንድ የታወቀ ነው። የኦምዱርማን ራዲዮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ራዲዮም ወደ መኪና ጋቢና ከገባ ወዲህ ረጅም መንገድ ያለ ወሬና ያለ ዘፈን መሄድ ለሾፌር የሚከብድ ሆኗል። ነገር ግን የድምፅ ማጉያ በተጨመረበት መኪና ላይ አንድ ስሞታ ይበዛል፤ ይኸውም ነዳጅ በተሰጠ ቍጥር ራዲዮው ከሞተሩ ጋር ማፏጨቱ ነው። ባለቤቱም ጥፋቱን በራዲዮው ላይ ጭኖ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም ያፏጫል።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመመለሻው መንገድ ነው። ከባትሪ የወጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራውን ፈጽሞ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በመኪና ላይ የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት ራሱ ሲሆን፣ መካኒኮች ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደው ማሳ ይሉታል፤ ገበሬ ከሚያርሰው ማሳ ጋር ዝምድና የለውም። ለፖዘቲቩ ወፍራም ሽቦ ገዝቶ ለማሳው ቁራጭ ሽቦ የሚያስር ሰው፣ ወጪውን ጽፎ ገቢውን እንደማይጽፍ ነጋዴ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 40 አምፔር የሚስብ ማጉያ፣ ቀለም ባልተፋቀለት ብረት ላይ ታስሮ መገጣጠሚያው 0.05 ኦም ቢከለክለው፣ 2 ቮልት በከንቱ ይጠፋል። ይህም በአንዲት ቡሎን ሥር የ80 ዋት ግለት ማለት ነው። የገዳሪፍ ጥቁር መሬት ደግሞ ችግሩን ያባብሳል፤ በዝናቡ ወራት ጭቃው ከሻንሲው ሥር ተጣብቆ እርጥበት ይዞ ይቈያል፤ በበጋ አቧራ ይሆናል፤ ዝገቱም ሳይታይ ያድጋል።

ስለዚህ ማሳው የሚታሰርበት ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ሽቦውም እንደ ፖዘቲቩ ወፍራምና በተቻለ መጠን አጭር ሆኖ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ በራሱ ቡሎን ይጠብቃል፤ በላዩም ግራሶ ይቀባል። የመቀመጫ ወይም የቀበቶ ቡሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ራዲዮውና ማጉያው በተለያየ ሥፍራ ታስረው በመካከላቸው ትንሽ የቮልት ልዩነት ካለ፣ የዲናሞው ጩኸት በድምፅ ሽቦው በኩል ይገባልና ሁለቱን በአንድ ነጥብ ማሰር ይሻላል።

ፉጨቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጆሮ ይለምደው ነበር። ይሁን እንጂ ሞተር በላስቲክ ላይ ስለሚቀመጥ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው አንድ የተጐነጐነ ማሳ አለው። ባትሪው ከሻንሲ ጋር በታሰረበት መኪና ይህ ማሳ ቢበጠስ፣ የሞተሪኖው መቶዎች አምፔር በፔዳል ገመድና በቀጭን ሽቦዎች በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም ያቃጥላል። በሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ከተነሣ በኋላ ብዙ ስደተኛ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሯል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መኪና አልነሣም ማለቱ የአንድ ቀን ኪሣራ ብቻ አይደለም። ሰሊጥም ዘይት ያለበት ጭነት ነው፤ እሳት ከያዘው በቀላሉ አይጠፋም። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ክንድ ሳይርቅ ይግባ የሚባለውም ስለዚሁ ነው።

በ24 ቮልት የሚሠሩ ትልልቅ ካሚዮኖች ላይ ሌላ መጥፎ ልማድ አለ። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት ለራዲዮ ይወሰዳል፤ አንደኛው ይደክማል፣ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። ቮልቱን የሚቀንስ መሣሪያ ከሁለት ባትሪ ዋጋ ይረክሳል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪኖችም ብዙዎቹ ማሳቸው ፖዘቲቩ ነበረ፤ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ላይ የዛሬን ራዲዮ ሳይመረምር የሚያስር ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ያቃጥለዋል።

ምርመራው ቴስተር ብቻ ይበቃዋል። ማጉያው ከፍ ብሎ ሲሠራ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በማጉያው ማሳ ላይ ማድረግ ነው፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ቡሎኑ ተፈትቶ እንደገና ይፋቃል። የመንግሥት መኪና የሚያስተዳድርም ሆነ ካሚዮን ያለው ነጋዴ ይህን ለማሠራት የሚመቸው ጊዜ፣ ዝናቡ አባርቶ የሰሊጡ ጭነት ሳይጀመር ያለው ሳምንት ነው።