ኩልፎና የነጋዴው ድምፅ
በአየር ንብረት ጉዳይ ለመንግሥት አስተያየትን በኅብረት ስለ ማቅረብ

የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ተራሮች ተነሥቶ፥ በአርባ ምንጭ ከተማ በኩል አልፎ፥ የተፈጥሮውን ደን እያጠጣ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ሐይቅም ሞልቶ ሲተርፍ ትርፉ ወደ ጫሞ የሚወርደው በዚሁ በኩልፎ በኩል ነው። ይህ ወንዝ የገበሬውና የዓሣ አጥማጁ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሙዝ በመኪና አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው፥ የጫሞን ዓሣ የሚያከፋፍለው፥ በሲቀላና በሴቻ ሱቅ ከፍቶ ጨው፣ ሳሙናና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ሁሉ ኑሮው ከዚሁ ውኃ ጋር የታሰረ ነው። ገበሬው ሙዙን ካልሸጠ ባለ ሱቁም ዱቤውን አይሰበስብም።

ወንዙ በመልካም ጊዜ መስኖ ነው፤ በክፉ ጊዜ ደግሞ ደለል ነው። ከላይ በደጋው ያለው ቁልቁለት በእርሻ፣ በግጦሽና በማገዶ ምክንያት ሲራቆት፥ ዝናብ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። አፈሩ የመስኖውን መግቢያ ይደፍናል፤ የተረፈውም ሐይቁን ያደፈርሳል። በዚህ ላይ የዓለም አየር እየሞቀ መሄዱ ተጨምሮበታል። የሳይንስ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህም ዝናብ በመጣ ጊዜ ከፍ ባለ ኀይል ሊወርድ ይችላል። የተራቈተ መሬትና ኀይለኛ ዝናብ ሲገናኙ የሚሆነውን ለመገመት አያዳግትም።

ቀድሞ ከጋሞ ጋር በአንድ ዞን ሥር በነበረው በጎፋ፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ከሞቱትም ውስጥ ብዙዎቹ አስቀድሞ በናዳ የተቀበሩትን ወገኖቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። እንዲህ ያለው ኀዘን በሒሳብ መዝገብ አይጻፍም። ይሁን እንጂ የተራራው ጉዳይ ለሌላ ሰው የሚተው አለመሆኑን ለነጋዴውም ያሳስበዋል።

ፖሊሲው እስከ ሱቁ በር ድረስ ደርሷል

የኢትዮጵያ መንግሥት ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂን በ2004 ዓ.ም ይፋ አደረገ። የፓሪስ ስምምነት ከተደረገም በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም ባሻሻለው ሰነድ እስከ ፈረንጆች 2030 ዓ.ም ድረስ የአገሪቱ በካይ ጋዝ ምንም እርምጃ ባይወሰድ ሊደርስበት ከሚችለው መጠን በ68.8 በመቶ እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረበ። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በአገር ዐቅም የሚፈጸም ሲሆን፥ የቀረው 54.8 በመቶ ከውጭ በሚገኝ ርዳታ ላይ የተመሠረተ ነው።

እነዚህ ቍጥሮች ከገበያው የራቁ ይመስሉ ይሆናል፤ ነገር ግን አይደሉም። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ይህ አስመጪውን በቀጥታ ይመለከተዋል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ዐዋጅ አጸደቀ፤ ይህም በየመንደሩ ያለውን ባለ ሱቅ ይነካል። ቡና ላኪውም ቢሆን ከውጭ በሚመጣ ሕግ ተይዟል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም ያወጣው ደንብ፥ ከፈረንጆች 2020 ዓ.ም ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የበቀለበት ቦታም በካርታ ልክ እንዲታወቅ ያዛል። የደንቡ ተፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ቢሆንም ዝግጅቱ ግድ ነው።

እንግዲህ የነጋዴው ጥያቄ ሕጉ ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚል ሊሆን አይገባም፤ ሕጉ መጥቷል። ጥያቄው በሚጻፍበት ጊዜ ነጋዴው ተናግሯል ወይስ ከተጻፈ በኋላ ያጉረመርማል የሚለው ነው።

ሕጉ የሰጠው በር

አስተያየት ማቅረብ እንደ ልመና የሚቈጠር አይደለም፤ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፥ የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲ ሲነደፍና ሥራ ላይ ሲውል፥ ጉዳዩ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቍጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቍጥር 1183 ደግሞ፥ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን አስታውቀው የሕዝብን አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ይህ ለነጋዴ ታላቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ነጋዴን ከዐዋጅ ይልቅ ዕለት በዕለት የሚገጥመው መመሪያ ነው።

እርግጥ ነው፥ ይህ የመጨረሻው ዐዋጅ የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይጨምርም። በ2015 ዓ.ም በተቋቋመው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በዞንና በከተማ ደረጃ ለሚወጡ ደንቦች ነጋዴው የሚመረኰዘው በሕገ መንግሥቱ ላይና በራሱ ትጋት ላይ ነው። ለዚህም የሚረዳው መሣሪያ ምክር ቤቱ ነው። ዐዋጅ ቍጥር 341/1995 የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም፥ በነጋዴውና በመንግሥት መካከል እንደ ድልድይ ሆነው እንዲያገለግሉ አስቦ ነው።

ሳይመከር የተሠራ ሥራ

ሳይመከር የተጀመረ የጥበቃ ሥራ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከኩልፎ ዳር መራቅ አያስፈልግም። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በዚያው በወንዙ አጠገብ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፓርኩን የውጭ ድርጅት እንዲያስተዳድረው በታሰበ ጊዜ፥ በውስጡ ይኖሩ የነበሩትን የኮሬና የጉጂ ሰዎች የማስወጣት እርምጃ ተወሰደ። ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ የሰፈራውም ችግር ሳይፈታ ቀረ። አስተዳደሩን የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅትም በ2000 ዓ.ም ሥራውን ለቆ እንደሚወጣ አስታወቀ። ሰውም ተጐዳ፤ ደኑና አራዊቱም የታሰበላቸውን ያህል ጥበቃ አላገኙም።

በአንጻሩ የጋሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዱቡሻ የሚባል የመመካከሪያ አደባባይ አለው። በዚያ አደባባይ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ ሽማግሌዎችም ሐሳቡ እስኪስማማ ድረስ በትዕግሥት ያዳምጣሉ። ተመክሮበት የተወሰነውን ሁሉም እንደ ራሱ ቃል ይጠብቀዋል። የአየር ንብረት ፖሊሲም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሰው የራሱን ቃል በውስጡ ያገኘበትን ደንብ ለመጠበቅ ዘበኛ አይፈልግም።

አስተያየት እንዴት ይቅረብ?

አንደኛ፥ አስተያየቱ ከመዝገብ የወጣ ይሁን። «ጎርፉ በጣም ጐዳን» ብሎ መጻፍ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብዙ አይጠቅመውም። በክረምቱ መንገዱ ስንት ቀን እንደ ተዘጋ፥ ስንት ጭነት ሙዝ መንገድ ላይ እንደ በሰበሰ፥ የመስኖው ቦይ ስንት ጊዜ እንደ ተጠረገ፥ የዓሣው አቅርቦት በየወሩ ምን ያህል እንደ ነበረ፥ ቀንና መጠን ተጠቅሶ ቢቀርብ ግን ሰሚው ሊያልፈው አይችልም። ነጋዴ ማንም የሌለው ሀብት አለው፤ ይኸውም በየቀኑ የሚጻፈው የገቢና የወጪ መዝገቡ ነው።

ሁለተኛ፥ ጊዜውን ይጠብቅ። ረቂቅ ሳለ የተባለ አንድ ቃል ከጸደቀ በኋላ ከሚባል መቶ ቃል ይበልጣል። ስለዚህ ረቂቆችን የሚከታተልና ለአባላት የሚያሳውቅ ሰው በየምክር ቤቱ ሊኖር ይገባል። በፓሪስ ስምምነት መሠረት አገሮች ዕቅዳቸውን በየአምስት ዓመቱ ያድሳሉና ጊዜው አስቀድሞ የሚታወቅ ነው።

ሦስተኛ፥ የሚቻለውን አብሮ ያመልክት። ፌስታል ሲከለከል፥ በምትኩ የሚመጣው ከረጢት ከምን ይሠራል? ሽመናና የቀርከሃ ሥራ በታወቀበት በጨንቻና በዶርዜ ለዚህ የሚበጅ እጅ የለምን? የኤሌክትሪክ መኪና ሲገባ የጋሞን ዳገት ለሚወጣ ጭነት የሚበቃ ነውን? የመሙያ ጣቢያውና የመለዋወጫ ዕቃውስ ከየት ይገኛል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከተቃውሞ አይቈጠርም፤ ሥራውን የሚያሳካ ምክር ነው።

አራተኛ፥ የራስን ድርሻ አይሸሽግ። ከኩልፎ ደን ማገዶ ተሸክመው የሚወጡት ድኾች ሴቶች ናቸው፤ የሚገዛው ግን ከተማው ነው። ሴቶቹ ብቻ እንዲከለከሉ የሚጠይቅ፥ ስለ ራሱ ምድጃ ግን ዝም የሚል ነጋዴ አስተያየቱ ክብደት አይኖረውም። «እኛ ምድጃችንን እንለውጣለን፤ መንግሥትም ለሴቶቹ ሌላ እንጀራ ያዘጋጅ፤ ለደጋው ገበሬም ችግኝና የእርከን ሥራ ይርዳ» የሚል ደብዳቤ ግን ይነበባል።

አምስተኛ፥ በአንድነት ይቅረብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። የአንድ ባለ ሱቅ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ሊረሳ ይችላል። ሙዝ ላኪው፣ ዓሣ አከፋፋዩ፣ ሆቴለኛውና ባለ ሱቁ ከገበሬዎች ማኅበርና ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሆነው የፈረሙበት ወረቀት ግን መልስ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲው የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተ ነውና፥ የወንዝና የመስኖ ዕውቀት በደጃፍ ሳለ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተደርጓል። በፈረንጆች 2027 ዓ.ም የሚደረገውን 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤም እንድታስተናግድ ኢትዮጵያ ተመርጣለች። በዚያ ጉባኤ ብዙ ታላላቅ ቃሎች ይነገራሉ። ከኩልፎ ዳር የሚነሣው ቃል ግን ሌላ ሰው ሊናገረው አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ገልጦ፥ ጎርፍና ድርቅ ያደረሱበትን ኪሳራ በአንድ ገጽ ጽፎ፥ ሊደረግ ይገባል የሚለውንም ከሥሩ አክሎ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቢያስረክብ፥ ቀጣዩ ረቂቅ በወጣ ቀን የአካባቢው ነጋዴ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።