የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ ፋን ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

በአዲስ አበባ ለሽያጭና ለኪራይ ከሚቀርቡት አፓርታማዎች ውስጥ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ያላቸው ጥቂት አይደሉም። የከተማዋ ሌሊትና ማለዳ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከሙቅ ውኃ የሚነሣው እንፋሎት ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ሲያርፍ ወደ ውኃነት ይለወጣል። መውጫ ካላገኘ ሻጋታ ያመጣል፤ ቀለም ይልጣል፤ የቺፑድ ኮርኒስና የእንጨት በር ያሳብጣል። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ቀና ብሎ ጥቁሩን ነጠብጣብ ሲያይ ደግሞ የዋጋ ክርክሩን የሚጀምረው ከዚያው ነው።

መፍትሔው አየር ማስወጫ ፋን ነው። ይሁን እንጂ ፋኑን ገዝተውና አስገጥመው ድምፁን እየሰሙ እርጥበቱ ያልለቀቃቸው ባለንብረቶች አሉ። ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው አየሩ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

መጠን፦ የክፍሉ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተባዝቶ ውጤቱ እንደገና በ8 ይባዛል፤ ይኸውም አየሩ በሰዓት 8 ጊዜ እንዲለወጥ ነው። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 7.5 ሜትር ኩብ ስለሚሆን በሰዓት 60 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፋን ይፈልጋል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው መጠን ብዙውን ጊዜ ቱቦ ሳይቀጠልበት የተለካ ነው። ቱቦው በረዘመና በታጠፈ ቁጥር ስለሚቀንስ ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ የሚለውን መግዛት ይበጃል።

መውጫ፦ ቱቦው እስከ ውጭው ግድግዳ ወይም እስከ ሕንፃው የአየር ሻፍት መድረስ አለበት። ኮርኒስ ውስጥ ተለቆ የቀረ ቱቦ እንፋሎቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያስወግደውም። ሻፍቱ የጋራ ከሆነ የጎረቤት ሽታ እንዳይመለስ ፋኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ያስፈልጋል። ቱቦው ወደ ውጭ ጥቂት ቢያዘቀዝቅ በውስጡ የሚጠራቀመው ውኃ ወደ ሞተሩ አይመለስም። ምሰሶና ቢም አይበሳም። ከበሩ ሥርም 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ አየር ካልገባ አይወጣምና።

ኤሌክትሪክ፦ ከሻወር አጠገብ የሚገጠም ፋን የውኃ ርጭት መቋቋሙን የሚያመለክተው «አይፒኤክስ4» የሚል ምልክት ይኑረው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለ15 ደቂቃ የሚሠራ ባለ ታይመር ፋን ይመረጣል። ይህ ዓይነቱ ግን ከመብራቱ መስመር ሌላ ኃይል የማይቋረጥበት ተጨማሪ ሽቦ ስለሚፈልግ ሽቦው ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መቀበር አለበት። ሥራው ብሬከር ተዘግቶ በኤሌክትሪሺያን ይሠራ። የፍጆታው ነገር አያሳስብም፤ 15 ዋት የሆነ ፋን በቀን 1 ሰዓት ቢሠራ በወር ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ያለቀለት ቤት የሚገዛ ሰው በሩን ዘግቶ ፋኑን ያስነሣና አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ ወንፊቱ ያስጠጋ። ሶፍቱ ተስቦ ካልተጣበቀ ፋኑ አይስብም ማለት ነው። ከተጣበቀም በዚያ አይብቃው፤ ቱቦው የት እንደሚያበቃ ጠይቆ በዓይኑ ይይ። ፋኑን መለወጥ ቀላል ነው፤ ሴራሚክና ኮርኒስ አፍርሶ ቱቦ መቅበር ግን ከፋኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።