ጎረቤት ሲጠቃ ዝም አለማለት

ክፉ ሰው በሌሊት ባንድ ቤት ላይ ድንጋይ ሲወረውር የተጠቃው ያ ቤት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ዝም ያለ እንደ ሆነ፤ ወርዋሪው ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቈጥሮ ነገ ወደ ሁለተኛው ቤት ይሻገራል። ስለዚህ ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ የሚጠሉ ሰዎች በተነሡ ጊዜ፤ ባለ ትዳሮችና ማኅበሮች ምን ለማድረግ እንደሚችሉ ለማስረዳት በአሜሪካ አገር የሆነውን እንጽፋለን።

ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988) ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ የነበረውን ወንድማችንን ሙሉጌታ ሥራውን፤ በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት የነጭ ዘር ትምክሕተኞች ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ለተጠቁ ሰዎች የሚከራከሩ ማኅበሮች ከሟቹ ዘመዶች ጋራ ሆነው፤ ጐረምሶቹን ያነሣሣውን የትምክሕት ማኅበር መሪ ቶም ሜትዝገርን ከሰው 12 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ካሣ አስፈረዱበት። ፍርዱ ትልቅ ነው፤ የሞተውን ግን አላስነሣም።

በዚያ ጊዜ በፖርትላንድ ፖሊስ ያገለግል የነበረው ዌይን ኢንማን፤ ኋላ በሞንታና ግዛት የቢሊንግስ ከተማ የፖሊስ አለቃ ሆነ። ቢሊንግስ ያን ጊዜ ከ80,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሲኖርባት፤ አይሁድ ግን 100 ቤተ ሰብ እንኳ አይሞሉም ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. የስድብ ወረቀት በከተማው ይበተን ዠመረ፤ የአይሁድም የመቃብር ድንጋይ ተገለበጠ። ራሳቸውን የተላጩ ጐረምሶች ጥቍሮች ወደሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ገብተው በስተኋላ እየቆሙ ምእመናኑን ያስፈራሩ ነበር። የአገሩ ጥንተ ተወላጅ በሆነች ባንዲት ሴት ቤት ላይም የናዚን ምልክትና የስድብ ቃል ጻፉ። በዚያ አገር ሕግ ሰው የስድብ ወረቀት በመበተኑ ብቻ ስለማይቀጣ፤ ፖሊስ ብቻውን ነገሩን ሊያቆም አይችልም ነበር። ኢንማንም በፖርትላንድ የሆነውን እያስታወሰ፤ ጥላቻ በጊዜ ካልተመከተ ወደ ደም እንደሚደርስ ሕዝቡን አስጠነቀቀ።

ሕዝቡም እያንዳንዱ በሚያውቀው ሙያ መለሰ። የቀለም ቀቢዎች ማኅበር ወደ 30 የሚሆኑ ሠራተኞች አሰልፎ የሴቲቱን ቤት ያለ ዋጋ ቀባ። የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ወደ ጥቍሮቹ ቤተ ክርስቲያን እየመጡ አብረው ይጸልዩ ዠመር፤ አስፈራሪዎቹም ቀሩ።

ኅዳር 23 ቀን 1986 ዓ.ም. ግን አንድ የአይሁድ ቤተ ሰብ ሐኑካ ለሚባለው፤ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ለተጠቀሰው የመቅደስ መታደስ በዓል የመቅረዝ ሥዕል በለጠፈበት በሕፃን ልጃቸው መኝታ ቤት መስኮት ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ሕፃኑ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ውስጥ ስላልነበረ ዳነ። አንድ ፖሊስ ለእናቲቱ ሥዕሉን ብታነሣው እንደሚሻል መከራት፤ እርስዋ ግን ይህን ለልጅዋ እንዴት አድርጋ እንደምታስረዳው ጠየቀች። ጥያቄዋም በጋዜጣ በወጣ ጊዜ፤ የአብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የመቅረዝ ሥዕል አከፋፈሉ። የከተማውም ጋዜጣ ሥዕሉን ሙሉ ገጽ አድርጎ አተመው። በየመስኮቱ የለጠፉት ቤቶች እስከ 10,000 ይደርሳሉ ተብሎ ተገመተ፤ አብዛኛዎቹም የክርስቲያኖች ነበሩ።

ነገሩ ያለ ዋጋ አልተፈጸመም። ሥዕሉን ከለጠፉት ካንዳንዶቹ የመስኮትና የመኪና መስተዋት ተሰበረባቸው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ፈርቶ ሥዕሉን በማንሣት ፈንታ ያልለጠፈውም ለጠፈ። ጥቂቶች ብቻቸውን ሆነው ሳለ ማጥቃት ይቀላል፤ በየመንገዱ ያለው ቤት ሁሉ ምልክቱን በለበሰ ጊዜ ግን አጥቂው ማንን እንደሚመርጥ ይጨንቀዋል። ስለዚህ ጥቃቱ እያነሰ ሄደ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። ሕግ የሚፈርደው ከተደረገ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚከለክል ግን የጎረቤትና የማኅበር አንድነት ነው። ጥላቻም የሚዠምረው በጐዳና ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ ስለ ሌላው ወገን በሚነገር ቀላል ስድብ ነውና፤ ወላጆች ልጆቻችን በሚሰሙት ስፍራ አንደበታችንን እንጠብቅ። የቀቢው ሙያ ብሩሽ፤ የምእመኑ ጸሎት፤ የጋዜጣው ማተሚያ፤ የሕፃኑ ሥዕል ነበረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፤ እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን ይዘን ለተጠቃው ጎረቤት እንቁም።