አጥር የማያውቀው የላክስተን ማሳ

ላክስተን በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር የምትገኝ ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ በተጠናቀረው የመሬት መዝገብ ላይ ስሟ ሰፍሯል። በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኗ የጥንት ባላባቶቿ ሐውልቶች ተጋድመዋል፤ ከመካከላቸው የአንዲት እመቤት ምስል ከወይራ ቢጤ ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ማሳዋ ነው።

ሦስቱ ሰፋፊ ማሳዎች፣ ሳውዝ ፊልድ፣ ሚል ፊልድና ዌስት ፊልድ፣ በውስጣቸው አጥር የለም። መሬቱ በረጃጅም ቁራጮች ተሸንሽኖ የአንዱ ገበሬ ድርሻ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። አንዱ ለሙን ጠቅልሎ ለሌላው ጭንጫው እንዳይተርፍ ነው። ቁራጩ የረዘመውም በምክንያት ነው፦ የጥንቱን ከባድ ማረሻ እስከ ስምንት በሬ ይጎትተው ስለነበር፣ ያን ሁሉ ጥማድ ደጋግሞ ማዞር ገበሬውንም በሬውንም ያደክማል። በጥንቱ ሥርዓት ማሳው አንድ ዓመት ስንዴ፣ በቀጣዩ የጸደይ እህል ይዘራበታል፤ በሦስተኛው ጾሙን ያድራል።

መካከለኛው እንግሊዝ በአብዛኛው እንዲህ ይታረስ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ፓርላማው ባወጣቸው አዋጆች የጋራው ማሳ እየታጠረ ለግል ተከፋፈለ። ላክስተንን ያተረፋት የሁለት መኳንንት አለመግባባት ነው፤ ኧርል ማንቨርስና ኧርል ስካርብራ በአከፋፈሉ ሊስማሙ አልቻሉም። ጠባቸው ይባረክ!

ሥርዓቱን የሚጠብቀው የመንደሩ ሸንጎ ነው። በኅዳር መጨረሻ ገደማ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ እየዞሩ ያያሉ። ወሰን ገፍቶ መንገዱን ወይም የጋራውን የሣር መስክ ያረሰ ሰው ካለ ትክክለኛው ቦታ ላይ ችካል ይመታሉ፤ ቅጣቱንም ይመድባሉ። ከሳሹም ዳኛውም ጎረቤት ነው፤ የዘንድሮው ዳኛ ለከርሞ ሊቀጣ ይችላል። ከዙሩ በኋላ ምሳ አለ፤ ቅጣቱ የሚጸናው ግን ከሳምንት በኋላ በመንደሩ መጠጥ ቤት በሚቀመጠው ችሎት ነው።

ርስቱ በ1952 ለግብርና ሚኒስቴር ተሸጠ፣ በ1981 ወደ ዘውዱ ይዞታ አስተዳደር ዞረ፣ በ2020 ደግሞ የማንቨርስ ቤተሰብ ርስት የነበረው ቶርስቢ መልሶ ገዛው። ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር ዳኞቹ ችካላቸውን ይዘው ማሳ መውጣታቸውን አላቋረጡም።