የሕፃናትን የደም ካንሰር መንስኤ ማን ይፈልግ?

የሕፃናት የደም ካንሰር (ሉኬሚያ) መንስኤ ይጠና፣ ለዚህም ገንዘብ ይመደብ ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «መጀመሪያ መድኃኒቱ ይገኝ።» መልሱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሀብታም አገሮች በብዛት የሚታየው የሉኬሚያ ዓይነት ከያዛቸው አሥር ልጆች ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። በድሃ አገሮች ግን ካንሰር ይዟቸው የሚተርፉት ልጆች ከ30 በመቶ በታች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ሕክምናው ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከአንኮበር ልጁን አዝሎ ለሚነሳ ወላጅ ደግሞ ደብረ ብርሃንን አልፎ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መመላለስ ነው። በ1996 ዓ.ም. «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ» የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት የአራት ዓመት ልጃቸውን ሉኬሚያ የነጠቃቸው ወላጆች ናቸው። እንዲህም ሆኖ ሕክምናንና የመንስኤ ጥናትን ማሻማት ስሕተት ይመስለኛል፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ታማሚውን ከማግኘትና ከመመዝገብ ነውና።

ስለ መንስኤው የተደረሰበት ነገር አንኮበርና ደብረ ብርሃን ያሉበትን ሰሜን ሸዋን በቀጥታ ይመለከታል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሜል ግሪቭስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ሉኬሚያ የያዛቸውን ልጆች፣ በተወለዱ ሰሞን ከተረከዛቸው ተወስዶ ወረቀት ላይ የደረቀ ደም መረመሩ፤ የመጀመሪያው የዘረ መል ስሕተት ያኔውኑ ነበር። ግሪቭስ እንደሚለው ከመቶ አራስ አንዱ ያህል ይህን ይዞ ይወለዳል፤ ከእነዚያም የሚታመመው ከመቶ አንዱ ነው። ሁለተኛውን የዘረ መል ስሕተት የሚያመጣው በጨቅላነቱ ከተላላፊ ሕመም ርቆ ያደገ ልጅ ዘግይቶ ሲለከፍ ነው ባይ ነው። ሌላው ተመራማሪ ሊዮ ኪንለን ደግሞ በስኮትላንድ ገጠር በተቆረቆረችው ግሌንሮቴስ ከተማ፣ ሰው ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ የሕፃናት ሉኬሚያ ከፍ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳየ፤ ምክንያቱም ሰዎች ሲቀላቀሉ የሚዛመት ተላላፊ ሕመም ነው ብሎ ገመተ። ደብረ ብርሃንን እንይ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሠራተኛው ከየገጠሩ መጥቷል፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በመጠለያ ተጨናንቀው ኖረዋል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባና ወደ አዋሽ ሲወረድ ደግሞ አየሩም የልጆቹ ሕመምም ይለወጣል። የሁለቱን ሰዎች ግምት ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ መፈለግ ያደክማል።

ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። የአዲስ አበባው የካንሰር መዝገብ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ነው፤ የአንኮበሩ ልጅ ጥቁር አንበሳ ቢታከም እንኳ ከቁጥሩ ውጪ ነው። ብዙው እዚያም አይደርስም። ልጁ ይገረጣል፣ ያተኩሰዋል፣ አጥንቱን ያመዋል፤ ጤና ጣቢያ የወባ ምርመራ ይታዘዝለታል። ጠብታ ደሙ መስታወት ላይ ወፈር ተደርጎ በጂምሳ ሲቀለም ቀይ ሕዋሳቱ ይሟሟሉ፤ ነጮቹ ግን ጎልተው ይቀራሉ። የላብራቶሪ ባለሙያው ያልበሰሉ ትልልቅ ነጭ ሕዋሳት ከፊቱ ተደርድረው ሳለ፣ የተጠየቀው ወባ ብቻ በመሆኑ «አልተገኘም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ልጁም በሳንባ ምች ሞተ ተብሎ ይቀበራል። በገጠር አፍሪካ ሉኬሚያ ጥቂት ነው ሲባል ግሪቭስ ትክክል ስለሆነ ይሁን ምርመራው ስላልደረሰ፣ ያለ መዝገብ መለየት አይቻልም።

ጥናቱ የፈረንጅ ላብራቶሪ ይፈልጋል የሚሉ ዴኒስ በርኪትን ያስታውሱ። ኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ይህ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየዞረ፣ የልጆችን መንጋጋ የሚያሳብጠው ዕጢ የት እንዳለና የት እንደሌለ ሆስፒታሎችን ጠየቀ። ዕጢው ከደጋው ይልቅ በሞቃቱና በእርጥቡ ቆላ እንደሚገኝ ታየ፤ ጉዞው የፈጀው 678 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ከዚያው ዕጢ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ተገኘ።

የበለጠ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። አንድ ዞን በዓመት የሚያስመዘግበው ታማሚ ጥቂት ስለሚሆን አጋጣሚው እንደ ግኝት ሊቆጠር ይችላል። እንግሊዝ በሲስኬል መንደር የኑክሌር ጣቢያ አጠገብ ስለታየው የሉኬሚያ ክምችት ለአሥርተ ዓመታት ተከራክራለች። ስለዚህ እዚህ የሚቋቋመው መዝገብ ከሌሎች የክልሉ ሆስፒታሎች ጋር ተያይዞ ለረጅም ዓመታት መቆየት አለበት፤ ለሁለት ዓመት ፕሮጀክት የሚሰጥ ገንዘብ እዚህ ብዙም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላይ ቋሚ መዝጋቢ፣ አጠራጣሪውን መስታወት ሳይጥል ወደዚያ የሚልክ የጤና ጣቢያ ባለሙያ፣ የታማሚውን የትውልድ ቀበሌ፣ ክትባትና የመኖሪያ ለውጥ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። በዚያው ቅጽ የተገኘ ልጅ ሕክምናውን በጊዜ ይጀምራል።