በደጋ የቆመ መኪና፦ አልፎ አልፎ የሚነዱ አሮጌ መኪኖች ባትሪና የመዘዞ ብርድ

ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚያቀናው መንገድ ላይ የምትገኘው መዘዞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ሌሊት ጠርቶ ያድርና ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። በእንዲህ ያለ ማለዳ፣ ለሳምንታት ከግቢ ያልወጣ አሮጌ መኪና ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አንዴ አቃስቶ ዝም ቢል የሚደነቅ የለም። ባለቤቱም ጎረቤቱም ምክንያቱን ለመናገር አያመነቱም፤ «ብርዱ ባትሪውን ገደለው» ይባላል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ጥፋቱን ከጥፋተኛው ላይ አንሥቶ በምስክሩ ላይ የሚጭን ነው።

አልፎ አልፎ ስለሚነዱ አሮጌ መኪኖች ባትሪ በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ክረምቱን በጋራዥ ተሸፍነው ስለሚያሳልፉ የስፖርት መኪኖች ነው። በኢትዮጵያ የእነዚያ አቻ የሚሆኑት በየግቢው የቆሙት ቮልሶች፣ ላንድ ሮቨሮችና የቆዩ ቶዮታዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና በቀላሉ አይጣልም፤ ነዳጅ ሲወደድ ወይም መንገድ ሲታወክ ግን ይቆማል። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለው መኪና አንድ ተጨማሪ አደራ አለበት፤ ምጥ የጠናባት እናት ወይም በጽኑ የታመመ ሰው በሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን መድረስ ሲኖርበት የሚቀሰቀሰው እርሱ ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢፈለግ ነው፤ የሚፈለገው ግን በጨለማ፣ በብርድና ጊዜ በሌለበት ሰዓት ነው።

የመኪና ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1859 ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ ከሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በመሠረቱ ብዙ አልራቀም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በአንደኛው ሰሌዳ ላይ እርሳስ፣ በሌላኛው ላይ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ አለ፤ ሁለቱም በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከሁለቱም ሰሌዳዎች ጋር ተዋሕዶ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጥራል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ሲሞላ ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ቮልት ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ቮልት ግማሽ፣ 12 ቮልት ደግሞ ሩብ ያህል መቅረቱን ያመለክታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለኪያው «12» ስላለ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ደኅና ይመስለዋል፤ ባትሪው ግን ሊያልቅ ተቃርቧል።

ብርድ በዚህ ሂደት ላይ የሚያደርገው ማዘግየት ነው። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙሉ ባትሪ በሞቃት ቀን ሊሰጥ ከሚችለው የማስነሻ ኃይል ከሩብ እስከ ሢሶ የሚሆነውን ያጣል። በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በግርድፉ ሲሰላ፣ ሙሉ ባትሪ በውርጭ ማለዳ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛው ይቀረዋል፤ ይህም ሞተሩን ለማስነሳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ግማሽ የተሞላው ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ይኸው ግማሽ ባትሪ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሞተሩን ሲያሞቀው፣ መኪናውን ያለ ችግር ሊያስነሳ ይችላል። ባለቤቱ እኩለ ቀን ላይ ሞክሮ ተረጋግቶ ይተኛል፤ ሌሊት ሲጠራ ባትሪው የለም። እንግዲህ ብርዱ ቀድሞ የነበረውን ጉድለት ገለጠ እንጂ አልፈጠረውም።

ብርድ እንዲያውም ለቆመ ባትሪ ወዳጅ መሆኑን ለማየት ከሰሜን ሸዋ መውጣት አያስፈልግም። የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መኪና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ያላነሰ ነው። የባትሪ ኬሚስትሪ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ፍጥነቱን እጥፍ ያህል ያደርጋል። ምንም ያልተያያዘበት ባትሪ በራሱ ጊዜ እየፈሰሰ የሚያጣው ኃይል በቆላ ከደጋው እጥፍ ይሆናል፤ በሰሌዳዎቹ ውስጥ ያለው የእርሳስ መረብ ዝገትም፣ የውሃው ትነትም እንዲሁ ይፋጠናል። የሸዋ ሮቢቱ ባትሪ ማለዳ ማለዳ ሳያስቸግር አስነስቶ ድንገት ዕድሜው ሲያጥር፣ የመዘዞው ባትሪ በየማለዳው እያስቸገረ ረጅም ዘመን ሊኖር ይችላል። ለዚህ ግን አንድ ግዴታ አለ፤ ሞልቶ መቀመጥ አለበት።

ሞልቶ ያልተቀመጠ ባትሪ የሚጎዳው በሰልፌት ነው። ባትሪው ሲፈስ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት መጀመሪያ ደቃቅና ለስላሳ ስለሆነ በሚሞላበት ጊዜ በቀላሉ ይሟሟል። ለሳምንታት እንዲሁ ከተተወ ግን ደቃቁ ብናኝ ወደ ትልልቅና ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ቻርጀር ቢሰካበትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ያ የሰሌዳ ክፍል ከሥራ ውጭ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሦስት ወር ግማሽ ሆኖ የቆመ ባትሪ በየቀኑ ከሚሠራ የታክሲ ባትሪ ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል። «ብዙ አልተነዳም፣ አዲስ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ለሞተሩ ምስጋና ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለባትሪው ግን ምስጋና አይደለም።

ባትሪው ከቆመበት የሚፈሰው በራሱ ኬሚስትሪ ብቻ አይደለም። ዘመናዊ መኪና ቁልፉ ከወጣ በኋላም ለኮምፒውተሩ፣ ለሰዓቱና ለመቆለፊያው ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። 50 ሚሊ አምፔር በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት በ19 ቀን ገደማ ግማሽ ይሆናል። አሮጌው ቮልስ በተፈጥሮው ከዚህ ነጻ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው መኪና ሲጠፋ በእርግጥ ይጠፋ ነበር። ችግሩ በኋላ የተጨመረው ነው። ሬዲዮ ተገጠመ፣ አላርም ተቀጠለ፣ የስልክ ቻርጀር ተጨመረ፤ ሽቦዎቹም ቁልፉን ሳይጠብቁ በቀጥታ ከባትሪው ተያያዙ። የሃምሳ ዓመት መኪና የአሥር ዓመት መኪና የኃይል ፍጆታ ያለ ዘመናዊው መቆጣጠሪያ ወረሰ ማለት ነው። የጓንት ሳጥን መብራት ሳይጠፋ ቢቀርስ? አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል 400 ሚሊ አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ያንኑ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ያደርገዋል።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁሉም ነገር ጠፍቶና በሮች ተዘግተው የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታና መልቲሜትር በገመዱና በባትሪው መካከል በአምፔር መለኪያው ይገባል፤ መጀመሪያ በ10 አምፔሩ መሰኪያ። ንባቡ ከ50 ሚሊ አምፔር ከበለጠ ፊውዞች አንድ በአንድ እየተነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበት መስመር ይፈለጋል። ፊውዝ ሳያልፉ የተቀጠሉት ሽቦዎች በዚህ መንገድ አይያዙም፤ ከባትሪው ራስ ጀምሮ በዓይን መከተል ግድ ነው። መለኪያው እንደተያያዘ ቁልፍ ማዞር ፈጽሞ አይገባም፤ ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ መለኪያውን ያቃጥለዋል።

በሳምንት አንዴ አስነስቶ ለአሥር ደቂቃ አሙቆ ማጥፋት በሰፊው የሚታመንበት መፍትሔ ነው፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። መኪናውን ማስነሳት ራሱ የሚጨርሰው ኃይል ትንሽ ነው፤ 200 አምፔር ለ5 ሴኮንድ ቢሳብ ከ0.3 አምፔር-ሰዓት አይበልጥም። ሳምንቱን ሙሉ 50 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የጠፋው ግን 8.4 አምፔር-ሰዓት ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ቆሞ ሲሠራ ወደ ባትሪው 10 አምፔር ቢደርስ እንኳ በአሥር ደቂቃ የሚመለሰው 1.7 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። ባለቤቱ በየሳምንቱ ከ6 አምፔር-ሰዓት በላይ ዕዳ ውስጥ እየገባ ባትሪውን የተንከባከበ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የእርሳስ ባትሪ የመጨረሻውን አምስተኛ ክፍል የሚቀበለው በዝግታ፣ በሰዓታት ነው። ከመዘዞ ጣርማ በር ደርሶ መመለስ በቦታው ከማንኮራፋት የተሻለ ነው፤ የወረደውን ባትሪ እስከ አፉ የሚሞላው ግን ሌሊቱን የተሰካ ቻርጀር ነው።

የቆዩ መኪኖች ላይ ይህ ጉዳይ ይብሳል። በገበያ ቋንቋ ሁሉም «ዲናሞ» ቢባልም በቆዩት ቮልሶች ላይ ያለው የቀጥታ ፍሰት ዲናሞና በኋላ የመጣው አልተርኔተር የተለያዩ ናቸው። የቀድሞው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ምንም ላይሰጥ ይችላል። ለዲናሞው የሚነገርለት አንድ በጎ ነገር ቢኖር በብረቱ ውስጥ የሚቀረው ማግኔታዊ ኃይል ነው፤ ባትሪው እጅግ ቢደክምም በቁልቁለት ተገፍቶ ሲንከባለል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሊጀምር ይችላል። አልተርኔተር ግን ለመጀመር ከባትሪው ትንሽ ኃይል ስለሚፈልግ ጨርሶ በሞተ ባትሪ ገፍቶ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው። መኪናን ቁልቁለት ላይ አፉን ወደ ታች አድርጎ ማቆም የደጋ ሾፌር የቆየ ብልኃት ነው፤ የሚያዋጣው ግን ለየትኛው መኪና እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

በየመንገዱ ጋራዥ የሚፈጸም አንድ ስሕተት ደግሞ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። የባትሪው ፈሳሽ ሲጎድል አሲድ ይጨመርበታል። ከባትሪው የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ አሲዱ ውስጥ ይቀራል። አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ለጥቂት ቀናት የነቃ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የወፈረው አሲድ ሰሌዳዎቹን ይበላል። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፤ ብረትና ጨው ያለበት የምንጭ ወይም የቧንቧ ውሃም አይሆንም። የቮልስ ባለቤት ደግሞ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ ውሃውን ማየት ይረሳል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ የመቀመጫው ሽቦ በሰው ክብደት ወርዶ ጫፎቹን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ከሁሉ ቀላሉ መከላከያ የኔጌቲቩን ገመድ መፍታት ነው። ኔጌቲቩ የሚመረጠው መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ ብልጭታ ስለማይፈጥር ነው። ለድንገተኛ ጥሪ የሚጠበቅ መኪና ግን በጨለማ መፍቻ የሚፈለግበት ሊሆን አይገባም፤ ስለዚህ በገመዱ ላይ በእጅ የሚዞር የባትሪ ማቋረጫ ማስገጠም ይመረጣል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ትንሽ የፀሐይ ፓኔልም ያገለግላል። ባለ 10 ዋት ፓኔል በአምስት ሰዓት የደጋ ፀሐይ 50 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 3.5 አምፔር-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ግማሹ ቢባክን እንኳ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት የሚፈሰውን ይተካል። በመካከል መቆጣጠሪያ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ቀን ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሌሊት ደግሞ ኃይሉ ወደ ፓኔሉ ተመልሶ ሊፈስ ይችላል።

ባትሪው ተሞልቶም ለአደራው መብቃቱ የሚታወቀው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። መለኪያው በሁለቱ ጫፎች ላይ እንደተያዘ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሪኖው በሚሠራባቸው ሴኮንዶች የባለ 12 ቮልቱ ንባብ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በብዛት በተሠሩት ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ላይ ደግሞ ከ4.8 በታች ከሆነ፣ ባትሪው በውርጭ ሌሊት አይታመንም። ፈተናው መደረግ ያለበት እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ፣ መኪናው ሌሊቱን ደጅ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩም ሳይነካ ነው።